አሮጌ የጀልባ ሞተር ልትገዙ ነው? ከመልኩ በፊት መለዋወጫውን እዩ

ኤፕሪል ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚኒሶታ ሐይቆች በረዶ መሰባበር ይጀምራል። ሰዉም አሳ ያምረዋል። «ስማ ወንድሜ፣ አንድ ሞተር አገኘሁ፤ 75 ዶላር ብቻ! ልውሰደው?» ይለኛል አንዱ። ፎቶም ይልካል። ሰማያዊ ኮፋኖ፣ ከጎኑ ቆንጆ ጽሑፍ፣ ላዩ ላይ ትንሽ አቧራ። ለፎቶ የተሠራ ይመስላል።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስሙና ዓመቱ?» ይነሳል ወይ ብዬ አልጀምርም። 60 ዓመት የሞላው ሞተር ዛሬ ቢነሳም አንድ ቀን ይቆማል። ሲቆም ዕቃው ከየት ይመጣል? ቁም ነገሩ እሱ ነው።

ይህን ከፍዬ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዬን ሞተር የገዛሁት በመልኩ ነበር። ስሙን ልተወው። 60 ዶላር ሰጠሁ፤ ሻጩ ራሱ ተሸክሞ መኪናዬ ላይ ጫነልኝ። ደስታው ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ቤት ወስጄ እግሩን (ውሃ ውስጥ የሚገባውን የታች ክፍል) ስፈታው አንዱ ማርሽ ጥርሱ ረግፏል። ያንን ማርሽ ሁለት የበረዶ ወቅት ሙሉ ፈለግሁት። የለም። ሞተሩ አሁንም ጋራዤ ውስጥ ቆሟል፤ ጃኬት እሰቅልበታለሁ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ይህን የምጽፈው ትንሽ ጀልባ ላላችሁና ከኋላዋ የሚታሰር አሮጌ ሞተር ለምታማርጡ ነው። አውትቦርድ የሚባለውን ማለቴ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ዋጋዎቹ እኔ በሰፈሬ ያየኋቸው ናቸው፤ እናንተ ጋ ሊለዩ ይችላሉ።

ለምን እዚህ አካባቢ በዙ?

ይህ የአሜሪካ ክፍል የአውትቦርድ አገር ነው። ከኖርዌይ የመጣው ኦሌ ኤቪንሩድ ሞተሩን ለገበያ ያወጣው በ1909 ሚልዋኪ ውስጥ ነው። 1.5 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ ክብደቱ 62 ፓውንድ። እንደሚተረከው ከዚያ በፊት አንድ የሞቀ ቀን ለወዳጁ ለቤስ አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን ቀዝፎ ተሻገረ፤ ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጦ ጠበቃት። ጆንሰን የሚባለው ሞተር ለብዙ ዓመት ይሠራ የነበረው ኢሊኖይ ውስጥ፣ ዋኪገን ከተማ ነው። ሜርኩሪ በ1939 ዊስኮንሲን፣ ሲዳርበርግ ውስጥ ተጀመረ። ስኮት-አትዋተር የሚባለው ደግሞ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ እዚህ የቆየ ጋራዥ ሁሉ አንድ አሮጌ ሞተር አያጣም። ባለቤቱ ሲያርፍ ልጆቹ ቤቱን ለመሸጥ ይቸኩላሉ፤ ሞተሩን መገላገል ነው የሚፈልጉት። 75 ዶላሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጣና ዳር ላደግን ሰዎች ይህ ይገርማል። እኛ ታንኳ በቀዛፊ ክንድ ስትሄድ እያየን ነው ያደግነው። ወደ ዘጌ የሚሄድ ሞተር ጀልባ ድምፅ ሲሰማ ልጅ ሁሉ ዞሮ ያይ ነበር። እዚህ ያው ሞተር የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ቆሞ «በነጻ ውሰዱ» ተለጥፎበት አይቻለሁ።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ መለዋወጫ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። የምታዩት ሞተር ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ)፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ጥገና ኪትና የእግሩ ማርሽ ዛሬ ይሸጣሉ ወይ? ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ፈልጉ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚያስረው ቅንፍ ላይ፣ በትንሽ ብረት ተለጥፎ ይገኛል። ብረቱ ተነቅሎ ከሆነ ሁለቴ አስቡ። አንደኛ፣ ዓመቱን ማወቅ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ በቤት መሣሪያ ይጠገናል ወይ የሚለው ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የቁልፍ ስብስብና የቮላኖ (ሞተሩ አናት ላይ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መንቀያ ይበቃል ወይስ ፋብሪካው ብቻ የሠራው መሣሪያ ይፈልጋል? የእጅ ዋጋ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ በሚጠየቅበት አገር 75 ዶላር የተገዛ ሞተር ይዞ ጋራዥ መሄድ ቀልድ ነው። ብዙ ጋራዦች ደግሞ ያን ያህል ያረጀ ሞተር ጭራሽ አይቀበሉም።

ሦስተኛው ክብደትና ቁመት ነው። የጀልባዋን የኋላ ግድግዳ በሜትር ለኩ። አጭር እግር ለ15 ኢንች ነው፣ ረጅሙ ለ20። የ1950ዎቹ ትንንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ አጭር ናቸው። አጭሩን 20 ኢንች ግድግዳ ላይ ብታስሩት ኤሊካው ውሃውን በደንብ አይዝም፤ የማቀዝቀዣውም ውሃ ሊቋረጥበት ይችላል። የጀልባዋ ሰሌዳ ከሚፈቅደው የፈረስ ጉልበትም አትለፉ።

በነገራችን ላይ የድሮ 10 የፈረስ ጉልበትና የዛሬ 10 እኩል አይደሉም። ድሮ የሚለካው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ላይ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚለካው ኤሊካው ያለበት ዘንግ ላይ ነው። በመንገድ የሚጠፋው ጉልበት አሁን ይቀነሳል ማለት ነው።

አራተኛው ቤንዚን ነው። እነዚህ ሞተሮች ኤታኖል (አልኮል) ያለበት ቤንዚን በሌለበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ኤታኖል የድሮ ጎማ ቱቦ ያበላሻል። ካርቡራተር ውስጥ የሚንሳፈፈውን የቡሽ ፍሎት ቫርኒሽ ይፈታና ቡሹ ቤንዚን ይጠጣል። ከዚያ ሞተሩ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ጭሱም ይብሳል። ሚኒሶታ ውስጥ ኤታኖል የሌለበት ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን ለጀልባ መግዛት ይፈቀዳል። ትንሽ ይወደዳል። ይክፈሉት፤ ከካርቡራተር ይረክሳል።

አምስተኛው ሕግ ነው። የቆየ ባለ ካርቡራተር ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ሞተር፤ እነዚህ አሮጌዎቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው) ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳያቃጥል ውሃ ውስጥ ይተፋዋል። በዚህ የተነሳ በካሊፎርኒያና ኔቫዳ ድንበር ባለው ሐይቅ በሌክ ታሆ ላይ ከ1999 ጀምሮ ታግዷል። እዚህ ሰሜኑ ጫፍ ባውንደሪ ዋተርስ በሚባለው ጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራ ውስጥ አብዛኛው ሐይቅ ሞተር ጭራሽ አይፈቅድም። የሚፈቅዱት ጥቂቶቹም 10 ወይም 25 የፈረስ ጉልበት ብለው ይገድባሉ። ቴክሳስን በመሰሉ ግዛቶች ሞተሩ ራሱ የባለቤትነት ወረቀት አለው፤ ሚኒሶታ ውስጥ የሚመዘገበው ጀልባው ነው። የምትሄዱበትን ሐይቅ ደንብ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ጆንሰንና ኤቪንሩድ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚያገኘው እነዚህን ነው። ሁለቱ ስሞች ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአንድ ኩባንያ ሥር ነበሩ። ኩባንያው በኋላ ኦኤምሲ ተባለ። ቀለሙንና ኮፋኖውን ትታችሁ ውስጡን ካያችሁት በ1950ዎቹ ውስጥ ጆንሰኑና ኤቪንሩዱ ወንድማማች ናቸው። ሻጭ «ኤቪንሩድ ስለሆነ ይወደዳል» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ኦኤምሲ በ2000 መጨረሻ ከሰረ። ስሙን የገዛው ኩባንያም በ2020 የኤቪንሩድ ሞተር ማምረት አቆመ። ፋብሪካው የለም ማለት ነው። ግን መለዋወጫው ሞልቷል! ሜርኩሪ ደግሞ ኩባንያው እስከ ዛሬ አለ፤ የ1950ዎቹ ሞተሩ ዕቃ ግን ያስለቅሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኦኤምሲ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1970ዎቹ ድረስ አንድ ዓይነት ማግኔቶ (ያለ ባትሪ እሳት የሚሰጠውን ክፍል) ከ3 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ባሉ ብዙ ሞተሮቹ ላይ ገጠመ። ያው ቦቢና፣ ያው ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የምትከፍትና የምትዘጋ መነካኪያ)፣ ያው ኮንደንሰር። እጅግ ብዙ ሞተር አንድ ቦቢና ስለሚጠቀም ሌሎች አምራቾች እስከ ዛሬ ይሠሩታል። ዕቃን በሕይወት የሚያቆየው የገበያው ብዛት ነው።

ያ ቦቢና ደግሞ የታወቀ ድክመት አለው። የተሸፈነበት ፕላስቲክ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል። ቮላኖውን አንስታችሁ ስታዩ እንደ ደረቀ ጭቃ መሬት ስንጥቅጥቅ ብሎ ካገኛችሁት አትደነቁ፤ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱን ቦቢና፣ ሁለቱን ፑንቲናና ኮንደንሰሮቹን በአንድ ላይ ቀይሩ። እኔ መጨረሻ የቀየርኩበት ወጪ ከ100 ዶላር ብዙ አልራቀም።

ሥራው አንድ ቅዳሜ ይወስዳል። የቮላኖውን ዳዶ ፈቱ። ከዚያ መንቀያ ተጠቀሙ። በመዶሻ የክራንክሻፍቱን ጫፍ አትምቱ፤ ጥርሱ ይበላሻል፣ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ለጃኬት መስቀያ ነው። ፑንቲናው ክፍተቱ 0.020 ኢንች ይሁን። አዲስ ፑንቲናም ቢሆን ፊቱን በንጹሕ ወረቀት ጥረጉት፤ ትንሽ ዘይት ካለበት እሳት አይሰጥም። እኔ አንዴ ይህችን ዘንግቼ ሦስት ሰዓት ካርቡራተሩን ስወቅስ ዋልኩ። ሲያልቅ እሳቱ ሩብ ኢንች ክፍተት መዝለል አለበት። ሰማያዊ ሆኖ ጠቅ፣ ጠቅ ካለ ጨርሳችኋል።

የዘይቱ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስከ 1963 የተሠሩት አብዛኞቹ 24 ለ1 ነው የሚፈልጉት፤ ለ6 ጋሎን ቤንዚን አንድ ኳርት ዘይት። ከ1964 ጀምሮ ኩባንያው ብዙዎቹን ወደ 50 ለ1 አሻገረ። ትንሿ ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ግን በ24ቱ ቀጠለች። ውስጧ ኩሽኔታ የሌለበት ቦታ ስላለ ተጨማሪ ዘይት ይጠቅማታል። «50 ለ1 ይበቃል፣ ዘይቱ ተሻሽሏል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አትስሙት። ዘይቱ ቲሲ-ደብልዩ 3 የሚል የጀልባ ዘይት ይሁን። የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፤ እዚህ ቦታው አይደለም።

አሁን ወደሚያስፈራው። ከ1949 አንስቶ እስከ 1960 አካባቢ ድረስ እነዚህ ሞተሮች የቤንዚን ፓምፕ አልነበራቸውም። ታንካቸው ለብቻው የሚቀመጠው ብዙዎቹ ሁለት ቱቦ ያለው ታንክ ነው ያላቸው። በአንዱ ሞተሩ አየር ወደ ታንኩ ይገፋል፣ በሌላው ቤንዚኑ ተገፍቶ ይመጣል። ታንኩ ግፊት ያለበት የቤንዚን ጋን ነው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ግፊቱን አስተንፍሱ፤ ትኩስ ሞተር አጠገብ አትክፈቱ፤ ሲጋራ አጫሽ ጓደኛችሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ ላኩት። የዛሬ ባለ አንድ ቱቦ ታንክ እዚህ አይሠራም። ፓምፕ ጨምሮ መለወጥ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

የውሃ ፓምፑ ውስጥ ኢምፔለር የምትባል የጎማ ቁራጭ አለች። የተገዛ ሞተር ሁሉ ላይ ቀይሯት፤ ርካሽ ናት። ብዙዎቹ የድሮ ጆንሰኖች እንደ ዛሬዎቹ ከጎን ቀጭን ውሃ አይሸኑም። እግሩ ኋላ ባሉት ቀዳዳዎች ከጭሱ ጋር ርጥብ ጉም ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው «ውሃ አይስብም» ብሎ ጥሩ ሞተር ጥሎ ሲሄድ አይቻለሁ። እኔ ነኝ የወሰድኩት።

በኤሊካው ውስጥ ደግሞ ስፒና አለች። ድንጋይ ሲመታ ስፒናዋ ትቆረጥና ማርሹን ታድናለች። ሦስት ትርፍ ስፒናና አንድ ፒንሳ ጀልባው ውስጥ ይኑር። በምስማር አትተኳት። ምስማሩ ለስላሳ ከሆነ ወዲያው ይቆረጣል፤ ጠንካራ ከሆነ ማርሹ ይሰበራል።

የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ባለ 9.9 እና ባለ 15 የፈረስ ጉልበት

ሐቁን ልንገራችሁ፤ ቤተሰብ ይዤ የምወጣው በዚህ ነው። እነዚህም ያው ጆንሰንና ኤቪንሩድ ናቸው፤ በ1974 ነው የወጡት። 9.9 የሚለው አስቂኝ ቁጥር የመጣው ብዙ ሐይቆች 10 የፈረስ ጉልበት ገደብ ስለነበራቸው ነው። 9.9ኙና 15ቱ በዋናው አካላቸው አንድ ናቸው፤ ትልቁ ልዩነት ካርቡራተራቸው ላይ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ የተሠሩት ፑንቲና አላቸው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሉት ኤሌክትሮኒክ ናቸው፣ ፑንቲና የለም። ምቾት ነው፤ ግን ፓወር ፓክ የሚሏት እሳቱን የምትቆጣጠር ሣጥን ከሞተች አትጠገንም፣ ትቀየራለች። ባለ አንድ ቱቦ ታንክ ይጠቀማሉ፣ ቤንዚን ፓምፕ አላቸው፣ 50 ለ1 ይጠጣሉ፣ ዕቃቸው በየቦታው አለ። ክብደታቸው 75 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሚኒሞ ላይ ቀስ ብለው ሲሄዱ ይታዘዛሉ።

ጉዳታቸው ዋጋው ነው። ሁሉም ሰው ጥሩነታቸውን አውቋል። የሚሠራ ሲገኝ ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ይጠየቃል። ሌላው ብዙ የሠሩ መሆናቸው ነው፤ ቴርሞስታታቸው ተደፍኖ የጋለ ሞተር ይገጥማል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ሳትለኩ አትግዙ።

አሮጌ ሜርኩሪ

ሜርኩሪን የመሠረተው ካርል ኪክሃፈር ለፍጥነት ፍቅር ነበረው፤ ሞተሮቹም ያንን ይመስላሉ። ስድስት ሲሊንደር አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ ያቆመው የ1957ቱ ማርክ 75 ግንብ ነው የሚመስለው። ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ የኋላ ማርሽ አልነበራቸውም፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩ ጠፍቶ በተቃራኒ አቅጣጫ ይነሳ ነበር። መትከያ ላይ ስትጠጉ እንደገና ባይነሳስ? አስቡት።

ሥራቸው ጥሩ ነው፣ እክዳለሁ አልልም። ግን ለጀማሪ አልመክርም። የሽቦው ሽፋን እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የእግራቸው ዕቃ ማግኘት ይከብዳል፣ ልዩ መሣሪያም ይፈልጋሉ። የ1970ዎቹ ትንንሾች ግን ይሻላሉ።

ስማቸው የጠፋው

ስኮት-አትዋተር፣ በሲርስ መደብር ይሸጥ የነበረው ኤልጂን፣ በሞንትጎመሪ ዋርድ ይሸጥ የነበረው ሲ ኪንግ። መልካቸው ያምራል፣ ዋጋቸው ይረክሳል። ስኮት-አትዋተር ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ ራሱ መጥጦ የሚያወጣ ሞተር ሠርቶ ነበር፤ ብልሃቱ ደስ ይላል። መለዋወጫ ግን ከሌላ የሞተ ሞተር ነቅሎ መውሰድ ነው። ሁለት ገዝቶ አንድ ማድረግ ለሚወድ ሰው ጥሩ ጨዋታ ነው። አሳ ለማጥመድ ከሆነ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ፎር ስትሮክስ?

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀልበት ሞተር ነው። አሮጌ አይደለም፤ ግን ሳላነሳው ባልፍ ንጽጽሩ ጎዶሎ ይሆናል። ዝም ይላል፣ አይሸትም፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ሕግ አያሳድደውም። አዲስ ባለ 9.9 ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። ክብደቱም ከ80 እስከ 100 ፓውንድ ይደርሳል፤ ወገብ ለሚያመው ትልቅ ነገር ነው። ያገለገለ ከገዛችሁ ካርቡራተሩን ተጠንቀቁ። ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ ናቸው። ቤንዚን አንድ የበረዶ ወቅት ከተኛበት ይደፈናሉ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ምርጫ | መለዋወጫ | በቤት መጠገን | ክብደት | ያየሁት ዋጋ | ዋና ችግር |
|---|---|---|---|---|---|
| ጆንሰን/ኤቪንሩድ 1950ዎቹ–60ዎቹ፣ ከ3 እስከ 10 | በብዛት አለ | ቀላል | ከ30 እስከ 65 ፓውንድ | ከ75 እስከ 400 ዶላር | የተሰነጠቀ ቦቢና፣ ባለ ሁለት ቱቦ ታንክ |
| ጆንሰን/ኤቪንሩድ 9.9 እና 15 | በብዛት አለ | መካከለኛ | 75 ገደማ | ከ600 እስከ 1,000 | ፓወር ፓክ፣ ሙቀት |
| ሜርኩሪ 1950ዎቹ–60ዎቹ | ይቸግራል | ከባድ | ይለያያል | ከ100 እስከ 500 | ሽቦ፣ የእግር ዕቃ |
| ስኮት-አትዋተር፣ ኤልጂን፣ ሲ ኪንግ | የለም ማለት ይቻላል | ዕቃ ከተገኘ ቀላል | ይለያያል | ከነጻ እስከ 150 | ማርሽና ቦቢና |
| አዲስ ፎር ስትሮክ 9.9 | አለ | ከባድ | ከ80 እስከ 100 | ከ3,000 በላይ | ዋጋ፣ ክብደት |

ለማን የቱ?

ኪሳችሁ 300 ዶላር ከሆነና እጃችሁን ማቆሸሽ የማትጠሉ ከሆነ፣ የ1960ዎቹን ባለ 5.5 ወይም 6 የፈረስ ጉልበት ውሰዱ። ቤንዚን ፓምፕ ያለው ከሆነ እሰየው። ለሞተሩ 150፣ ለዕቃው 150 ብላችሁ ያዙ። ሙሉውን ለሞተሩ የሚሰጥ ሰው ሐይቅ መሀል ቆሞ ይቀዝፋል።

ልጆች ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ወደ 9.9ኙ ሂዱ። 400 ዶላር ለመቆጠብ ብላችሁ ልጅ በጀልባ ላይ አትሞክሩ። ሚሌ ላክስ የመሰለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነሳበት ማዕበሉ አጭርና ክፉ ነው፤ ያኔ የሚያስፈልጋችሁ በመጀመሪያው ጉተታ የሚነሳ ሞተር ነው። መቅዘፊያ አይቅር። እዚህ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባ ስትሄድ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው፤ እናንተም ልበሱ።

ካኖ ወይም ትንሽ ጀልባ ብቻ ላለው፣ ሞተሩንም አፓርታማ ደረጃ ላይ ለሚያወጣ ሰው ባለ 3 የፈረስ ጉልበቷ ጆንሰን ወይም ኤቪንሩድ ናት። 33 ፓውንድ ገደማ ናት። ትሮጣለች ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

መጠገን የማትወዱ ከሆነስ? ፎር ስትሮኩን ግዙ። ማፈር የለም። አሮጌ ሞተር ግማሹ ማጥመድ ነው፣ ግማሹ መፍታት። መፍታቱ የማያስደስተው ሰው ሁለቱንም ይጠላል።

ሜርኩሪውንና ስማቸው የጠፋውን ሁለተኛ ሞተር አድርጓቸው። የሚሠራ አንድ ሳይኖራችሁ አትንኳቸው።

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት

ካንዴላዎቹን አውጡና ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። መዞር አለበት። ካልዞረ ሻጩ «ዘይት ብታፈስበት ይላቀቃል» ይላችኋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። በዚያ ዋጋ ግን ግዙት፣ በሚሠራ ሞተር ዋጋ አይደለም።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ለኩ። የድሮዎቹ ሞተሮች ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው፤ 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ብታዩ አትደንግጡ። የሚፈለገው ሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ጥያቄ አለ። አንዱ 75፣ ሌላው 40 ከሆነ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

ከዚያ የእግሩን የታችኛውን ብሎን ትንሽ ፍቱና ዘይቱን እዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። የተበላሸው ውሃ የሚከለክለው የጎማ መዝጊያ (ሲል) ብቻ ከሆነ ይቀየራል። ግን እዚህ አገር ያ ውሃ በበረዶ ወቅት ይረጋና የእግሩን ቤት ይሰነጥቃል። በባትሪ መብራት ዙሪያውን ስንጥቅ ፈልጉ። ቀለም አዲስ የተቀባ እግር ካያችሁ ደግሞ የበለጠ ፈልጉ።

ማርሹን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አስገቡና ኤሊካውን በእጅ አዙሩ። ይያዛል? ይንሸራተታል? ሻጩ ውሃ የሞላ በርሜል ካለው ያስነሳላችሁ። ያለ ውሃ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» የሚል ካለ እምቢ በሉ፤ ኢምፔለሯ የምትቃጠለው በዚያች ደቂቃ ነው።

ያ ሰማያዊ ኮፋኖ ፎቶ የላከልኝ ጓደኛዬስ? ባለ 5.5 ኤቪንሩድ ፊሸርማን ሆኖ ተገኘ፣ የ1950ዎቹ። ኮምፕሬሽኑ 72 እና 70። ቦቢናዎቹ እንደጠበቅሁት ስንጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። 75 ዶላሩን ሰጥቶ ወሰደው፤ ትክክል ነው ያደረገው። መኪናው ውስጥ ከጫነው በኋላ ነው ታንኩ አብሮ እንዳልተሰጠው ያየው። ባለ ሁለት ቱቦ ነዋ። ከሳምንት በኋላ አንድ አገኘ፤ 120 ዶላር።